ዛፍ ላይ የሚያወጣ ገመድ እንዴት ይመረጣል?

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ባሕር ዛፍ እየወጣ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ያው ሥራ ላይ ነኝ፤ ልዩነታችን እኔ ኦክና ሜፕል መውጣቴ ነው። ባለፈው ደውሎ «ስትመጣ ጠንካራ ገመድ አምጣልኝ» አለኝ። «ምን ዓይነት?» ስለው «አልኩህ እኮ፣ ጠንካራ!» አለኝ። አሁን የሚወጣበት ከመርካቶ የገዛው ሰማያዊ ገመድ ነው፤ ያው የጭነት መኪና ሸራ የሚታሰርበት።

እኔም ሥራውን ስጀምር የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። የቱ ይጠነክራል? አሁን ሳስበው ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚመለሰው እሱ ነው። ደረጃውን ያሟላ የዛፍ ገመድ አዲስ እያለ የአንድን ሰው ክብደት ከ20 ጊዜ በላይ ይሸከማል። እኔን የሚያሳስበኝ ገመዱ በክብደቴ መበጠሱ አይደለም። መጋዝ ይቆርጠዋል፣ ቋጠሮው አልይዝ ይላል፣ ሰበቃ ያቀልጠዋል፣ ወይም መሬት ሳልደርስ ገመዱ ያልቃል። አመራረጡም መነሳት ያለበት ከነዚህ ነው።

ለእሱ በስልክ የነገርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። አወጣጡን ግን ከጽሑፍ አትማሩም። እሱ ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ይጀመራል።

መጀመሪያ የማይሆኑትን አስወጡ

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የፕላስቲክ ገመድ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ለዛፍ ግን አይሆንም። በ165 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ገመድ በገመድ ላይ እየተፋተገ ፈጥናችሁ ስትወርዱ እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ ሩቅ አይደለም። ፀሐይም ቶሎ ታደርቀዋለች። በእጃችሁ ስታሹት ዱቄት የመሰለ ነገር ከወጣው አልቆለታል ማለት ነው።

ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁራጩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ተዉት። ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ስለሰመጠ ብቻ ግን ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሰመጠው ገና ፈተናውን ጀመረ እንጂ አላለፈም።

የቃጫ ገመድም ይቅር። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሚቀጥለው ነው። ድንጋይና ተራራ የሚወጡ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ገመድ አለ። ያምራል፣ ውድ ነው፣ «ለመውጫ የተሠራ» ተብሎ ይሸጣል። የእነሱ ገመድ የተሠራው ሰው ወድቆ እንዲይዘው ነው፤ ስለዚህ በደንብ ይለጠጣል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ተንጠልጥለን ነው። በዚያ ገመድ ላይ አንድ እግር ከፍ ስትሉ ግማሹን ይመልስባችኋል። ቅርፊት ላይ ሲፈተግ ለመዋልም አልተሠራም። ጓደኛ በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳን አመስግናችሁ ለሌላ ነገር አውሉት።

ግንድ ያወረደ ገመድም ለሰው መውጫ አይመለስም። ትልቅ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ገመዱን ሲመታው ውስጡ የሚደርስበትን ከውጭ አታዩትም። የእንጨት ገመድ ለእንጨት፣ የሰው ገመድ ለሰው ነው። ቀለማቸውም ይለያይ።

መለያውን አንብቡ፣ ከዚያ ስለ ጥንካሬ ማውራት አቁሙ

ገመዱ ጫፍ ላይ ወይም አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ አንድ የደረጃ ቁጥር መኖር አለበት። በአውሮፓ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ኢኤን 1891 ዓይነት «ኤ» የሚባለው ነው። ይህ ደረጃ ገመዱ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን እንዲችል ያስገድዳል፤ በእኛ አነጋገር ወደ 2,200 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። ዓይነት «ቢ» የሚባልም አለ። ቀጠን ያለና ዝቅ ያለ ስለሆነ ለኛ ሥራ እለፉት።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዜድ133 የሚባለውን የዛፍ ሥራ ደንብ ተመልከቱ። ገመዱ አዲስ እያለ ቢያንስ 5,400 ፓውንድ መቻል አለበት፤ ወደ 2,450 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በ540 ፓውንድ ጭነት ከ7 በመቶ በላይ መለጠጥ የለበትም። ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 11 ሚሊ ሜትር የሚፈቀደው ያንኑ 5,400 ፓውንድ ከቻለ፣ ደኅንነት የማያጓድል መሆኑን ቀጣሪው ማሳየት ከቻለና ሠራተኛው በአጠቃቀሙ ከሠለጠነ ነው።

«80 ኪሎ ለምመዝን ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ማለታችሁ አይቀርም። ቁጥሩ የአዲስ ገመድ ቁጥር ነው። ቋጠሮ ብቻውን ሩቡን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይበላል። ናይለን ሲርስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያጣል። ፀሐይ፣ ሙጫ፣ አሸዋና ዕድሜ ሁሉም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረው ነው የናንተ።

ቁጥሩ የሌለውን አትግዙ። ሻጩ «አይበጠስም፣ እኔን እመነኝ» ካለ ሻጩን እመኑት፣ ገመዱን ግን ተዉለት። ደረጃውን ያሟሉ ሁለት ገመዶች ፊታችሁ ካሉ ደግሞ 26 ኪሎ ኒውተኑ ከ24ቱ ይሻላል እያላችሁ አትድከሙ። ከዚህ በኋላ የሚለያያቸው ሌላ ነገር ነው።

አወጣጣችሁን ወስኑ

ሁለት አወጣጥ አለ። በአንደኛው ገመዱ ቅርንጫፉን ዞሮ ወደ እናንተ ይመለሳል። አንዱ ጫፍ ቀበቶአችሁ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ያዥ ቋጠሮ፣ ማለትም ክብደት ሲያርፍበት የሚጨብጥ፣ ሲያላሉት የሚንሸራተት ቋጠሮ፣ ይይዘዋል። ስትወጡ ገመዱ አብሯችሁ ይንቀሳቀሳል። ክብደታችሁ በሁለቱ መስመሮች ስለሚካፈል ቀለል ይላል፤ ግን 1 ሜትር ለመውጣት 2 ሜትር ገመድ ትስባላችሁ። የአክስቴ ልጅ ሳያውቀው የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ያዥ ቋጠሮው ብቻ ይጎድለዋል። ታች ያለ ልጅ ነው ጫፉን የሚይዝለት። ልጁ ስልኩ ከጮኸ ምን እንደሚሆን ጠይቄው ዝም አለኝ።

በሁለተኛው ገመዱ አይንቀሳቀስም። ላይ ቅርንጫፉ ላይ ወይም ታች ግንዱ ሥር ይታሰራል፣ እናንተ በእሱ ላይ ደረጃ እንደምትወጡ ትወጣላችሁ። ለረጅም ዛፍ ፈጣን ነው። ገመድ የመምረጡ ነገር እዚህ ላይ ይቀየራል። ገመዱን ግንዱ ሥር አስራችሁ 20 ሜትር ላይ ባለ ቅርንጫፍ ብታሳልፉት፣ የተወጠረው ገመድ 40 ሜትር ነው። 3 በመቶ ቢለጠጥ 1 ሜትር ከ20 ሆነ። ገና ከመሬት ሳትነሱ ያን ያህል ትስባላችሁ፣ ከዚያም በየእርምጃው ትዘላላችሁ። ስለዚህ ለዚህ አወጣጥ ትንሽ የሚለጠጥ ገመድ የግድ ነው። ለመጀመሪያው አወጣጥ ግን ትንሽ መለጠጥ ብዙም አያስቸግርም፤ እንዲያውም ለወገብ ይመቻል።

ጣልቃ ልግባና፣ ታች ግንዱ ሥር ስታስሩ ላይ ያለው ቅርንጫፍ የሚሸከመው ክብደታችሁን እጥፍ ያህል ነው። በአንድ በኩል እናንተ፣ በሌላው በኩል ገመዱን የያዘው ግንድ ቅርንጫፉን ወደ ታች ይስቡታል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅርንጫፍ በመጣል ስሙ የታወቀ ነው። ቅርንጫፉን ስትመርጡ ይህን አስቡ።

ውፍረቱን በእጃችሁ ለኩ

የዛፍ መውጫ ገመድ በአብዛኛው ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ወፍራሙ እጅ ይሞላል፣ ጣት አያደክምም፣ ጀማሪ ይወደዋል። ቀጭኑ ቀላል ነው፣ መሣሪያ ውስጥ ይሮጣል፣ ግን ሲጨብጡት ያማል። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ወይም ገና ጀማሪ ከሆናችሁ 12.7 ወይም 13 ውሰዱ።

በያዥ ቋጠሮ ፈንታ ገመዱን የሚይዝ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ምርጫው የእጃችሁ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ላይ የሚቀበለው ውፍረት ተጽፏል። ፔትዝል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ዚግዛግ ለምሳሌ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይቀበላል። 11 ሚሊ ሜትር ገመድ ገዝታችሁ በእሱ ላይ «ይሞከር» የሚባል ነገር የለም።

በቋጠሮ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሁለት ገመድ ነው የምትገዙት። ዋናውና በዋናው ላይ ያዥ ቋጠሮውን የምትሠሩባት አጭሯ። አጭሯ ሁልጊዜ ከዋናው ትቀጥናለች። ለ13 ሚሊ ሜትር ዋና ገመድ 10፣ ለ11 ወይም 11.7 ደግሞ 8 ጥሩ መነሻ ነው። ሽፋኗም ሙቀት የሚችል ክር፣ ለምሳሌ አራሚድ፣ ያለበት ይሁን። አራሚድ አይቀልጥም።

ይህንን የማውቀው በራሴ ስሕተት ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ቀለሙ አማሎኝ አንድ 11 ሚሊ ሜትር ብርቱካናማ ገመድ ገዛሁ። አጭሯን አልቀየርኳትም፤ በ13ቱ ላይ የምጠቀምባት ባለ 10 ነበረች። አሰርኩ፣ ተቀመጥኩበት፣ ዝም ብሎ ወደ ታች ይዞኝ ወረደ። ደግነቱ እግሬ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳን አልራቀም ነበር። ሁለቱም ገመዶች ደረጃቸውን ያሟሉ ነበሩ። ችግሩ አለመጣጣማቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ገመድ ሁሉ መሬት ጥግ ይፈተናል። ቋጠሮውን እሠራለሁ፣ ግማሽ ሜትር ከፍ እላለሁ፣ በሙሉ ክብደቴ እወዛወዝበታለሁ። አዲስ ገመድ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለሚያንሸራትት አንድ ዙር መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ደግሞ ያው ዙር በጣም ሊጠብቅ ስለሚችል ይቀነሳል።

አጭር ገመድ መግዣ ለሌለው ብሌክስ የሚባለው ቋጠሮ አለ። በዋናው ገመድ ትርፍ ጫፍ ይሠራል። ጥሩ ይይዛል። ግን ፈጥናችሁ ከወረዳችሁበት ጫፉ ይቃጠልና እንደ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። ቀስ ብሎ መውረድ ነው፤ ያንን ጫፍም በየጊዜው መቁረጥ።

ሽፋኑንና ልቡን እዩ

ገመዱን ጫፉ ላይ ብትመለከቱት እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ሽፋን ይታያችኋል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ልቡ አለ። ሽፋኑ ከስንት ክር እንደተጎነጎነ ብዙ ይናገራል።

ከ16 ወፋፍራም ክሮች የተጎነጎነ ከሆነ ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ሽፋኑ ራሱ ነው። ልቡ ገመዱን ክብ አድርጎ ከመያዝ ብዙም አያልፍም። ሻካራ ቅርፊት ይችላል፣ ያዥ ቋጠሮ ይወደዋል። ለጀማሪ፣ ለቋጠሮና ለመጀመሪያው አወጣጥ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሽፋኑ ከተቆረጠ ግን የተቆረጠው ተሸካሚው ነው፤ «ላዩ ብቻ ነው» አይባልም።

ባለ 24ቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ልቡም ከሽፋኑ ጋር ጭነቱን ይካፈላል። መሣሪያ ውስጥ በደንብ ይሄዳል። ቀጫጭኑ ክሮች ግን በሻካራ ቅርፊት ቶሎ ይነጫሉ፤ ቅርንጫፉ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ቀለበት ያለው ማንጠልጠያ መጠቀም ይሻላል። ለዛፉም ይሻላል።

ክሮቹ 32 ወይም 48 ከሆኑና ሽፋኑ ከልቡ ጋር ጥብቅ ካለ ደግሞ ሸክሙን የሚይዘው በብዛት ልቡ ነው፣ ሽፋኑ ጠባቂው ነው። ትንሽ ነው የሚለጠጠው። ገመዱ ለማይንቀሳቀስበት አወጣጥ እሱ ነው።

ከምን ተሠራ? ሽፋኑ ፖሊስተር ቢሆን እመርጣለሁ። ሲርስ ጥንካሬውን እንደ ናይለን አያጣም፣ ፀሐይም ይሻለዋል። ናይለን ልቡ ውስጥ ቢኖር ለስለስ ያደርገዋል፣ አይከፋም። ናይለን ግን ከባትሪ አሲድ ጋር ጠላት ነው፤ በፒክአፕ ጀርባ ከባትሪ አጠገብ አትወርውሩት።

ርዝመቱን በዛፉ አስሉ

ገመዱ የሚያልፍበትን ቅርንጫፍ ከፍታ እጥፍ አድርጉ፣ ለቋጠሮና ወደ ጎን ለመሄጃ 5 ሜትር ጨምሩ። 20 ሜትር ላይ ከሆነ 45 ሜትር ነው። 45 ሜትር ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ክብደቱም 5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። 60 ሜትር የሚያስፈልጋችሁ ረጅም ዛፍ ካላችሁ ብቻ ነው። ዝም ብሎ ትርፍ ገመድ መሬት ላይ የሚቆሽሽ፣ ሰው የሚረግጠውና መጋዝ የሚያገኘው ገመድ ነው።

ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ወፍራም ቋጠሮ ሥሩ። ሂሳባችሁ ቢሳሳት እሱ ያስቆማችኋል። ነፃ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ስንቱ ይረሳዋል።

ሌላው ጫፍ ላይ በፋብሪካ ተጠልፎ የተሠራ ዓይን (ቀለበት) ያለው ገመድ ካገኛችሁ ጥቂት ጨምራችሁ ያንን ግዙ። ከቋጠሮ ያነሰ ጥንካሬ ነው የሚወስደው፣ በጠባብ ቦታም በቀላሉ ያልፋል።

ቀለሙ ደማቅ ይሁን። ብርቱካናማ፣ ነጭ ከቀይ ጋር፣ ሰማያዊ። ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ገመድ ማን እንደሚገዛ አላውቅም፤ መጋዝ የያዘ ሰው ከቅጠሉ መለየት አለበት።

ሁለተኛውን ማሰሪያ አትርሱ

ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ 15 ሜትር የሚሆነውን ገደል የምትወጡት ጠፍሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው፤ ወገባችሁን ግን ሌላ ገመድ አስረው መነኮሳቱ ከላይ ይስቡላችኋል። አንዱ መውጫ፣ አንዱ መያዣ። ዛፍም ላይ መጋዝ ስትይዙ እንደዚያው ነው። ከዋናው ገመድ ሌላ ግንዱን ዞሮ ቀበቶአችሁ ላይ የሚታሰር አጭር ገመድ ይኑራችሁ። ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው አለ፤ መጋዝ ቢነካው ወዲያው አይቆረጥም። አሁንም ሊቆረጥ ይችላል፤ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ ፈቃድ አይሰጣችሁም። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ደግሞ የብረቱን ነገር ከናካቴው እርሱት፤ እርጥብ ገመድም ቢሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እዚያ የሚሠራው ለዚያ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ከገዛችሁት በኋላ

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ አሳልፉ። በየክንዱ እጠፉት። መታጠፊያው ክብ ሆኖ መውጣት አለበት። እንደ ማዕዘን ከታጠፈ፣ ከሳሳ፣ ወይም አንድ ቦታ ደርቆ አልታጠፍ ካለ ልቡ ውስጥ ነገር አለ። ይህንን ገና አዲስ እያለ አድርጉት፤ ጤነኛው ምን እንደሚመስል እጃችሁ ይማራል። ከዚያ በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት ድገሙት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ መሠረት ሰው የሚሸከም ገመድ በየ6 ወሩ በሚያውቅ ሰው ይመረመራል። እዚህም ብንሆን ጥሩ ልማድ ነው። የገዛችሁበትን ቀን ጫፉ ላይ ጻፉ።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። በረኪና የለም። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ቤንዚን ካለበት መጋዝ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይገባም።

መጋዝ የነካው፣ የተቃጠለ ወይም ያብረቀረቀ፣ ከከባድ ውድቀት ሰው የያዘ፣ ኬሚካል የፈሰሰበት ገመድ ሥራው አልቋል። ጉዳቱ ጫፉ አካባቢ ብቻ ከሆነ ያንን ቆርጣችሁ በቀረው መሥራት ትችላላችሁ፤ አዲሱን ርዝመት ግን መዝግቡ። የተጣለውን በሙሉነቱ አታስቀምጡት። እኛ ደግሞ ገመድ መጣል አንወድም፤ አንድ ቀን አንዱ አንስቶ ዛፍ ይወጣበታል። ሁለት ሁለት ሜትር አድርጋችሁ ቆራርጡት።

ለአክስቴ ልጅ የወሰድኩለት 45 ሜትር፣ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 16 ክር፣ አንድ ጫፉ ላይ ዓይን ያለው ብርቱካናማ ገመድ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር አጭር ገመድ ጨመርኩለት። ቀበቶውንና ካራቢነሮቹን (ማያያዣ ቀለበቶቹን) በሌላ ሻንጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይኼ ከድሮው ይጠነክራል?» ብሎ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ካለው ግራር ላይ፣ እግሩ ከመሬት ግማሽ ሜትር ሳይርቅ፣ ሦስት ቀን ቋጠሮ ሲያስርና ሲፈታ ዋለ። ሰማያዊውን አክስቴ ልብስ ማስጫ አደረገችው።